የዓመት ቀለብ የት ይቀመጥ? ጎተራ፣ ጎታ፣ ጆንያ፣ በርሜልና አየር የማያስገባ ከረጢት ለጎጃም ቤት ሲመዘኑ

ጤፍና ዳጉሳ ነቀዝ አያውቃቸውም። ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው ፍሬ ቦርቡሮ ነው፤ እጩም እዚያው ፍሬ ውስጥ በልቶ ያድጋል። በጤፍ ፍሬ ውስጥ ደግሞ የሚያድግበት ስፍራ የለውም። ስለዚህ ደህና የደረቀ ጤፍ ዝናብና አይጥ ካልደረሰበት ተራ ጆንያ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። በብዙ ቤት የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጤፉ ውድ ስለሆነ ደህናው ዕቃ ለእሱ ይሰጣል፣ በቆሎው ጥግ ላይ በማዳበሪያ ይቆለላል፣ ሰኔ ላይ ሲፈታ ግማሹ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። ከዕቃው በፊት የሚመረጠው እህሉ ነው። ቀጥሎ መቼ እንደሚበላ፣ ከዚያም ቤቱ ደጋ ነው ቆላ የሚለው ይታያል። የዕቃው ዓይነት መጨረሻ ላይ ይመጣል።

መጀመሪያ ምን ያህል?

ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ብሎ ማስላት ለቤት በቂ መነሻ ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት በዓመት 9 ኩንታል እህልና 2 ኩንታል ተኩል የሚጠጋ ጥራጥሬ ይሆናል። ሕፃናት የበዙበት ቤት ከዚህ ይቀንሳል፤ እንግዳ፣ ደቦና ጠላ የሚበዛበት ቤት ይጨምራል። ዘሩ ከዚህ ውጪ በሌላ ዕቃ ይቀመጣል። (ዲቃላ የበቆሎ ዘር ለሚዘሩ ግን ከምርቱ ዘር ማስቀረት ትርፍ የለውም፤ በሁለተኛው ዓመት ምርቱ ይወርዳል።)

ጥራጥሬው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይበላም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ነቢያት ከህዳር 15 ይጀምራል። የሽሮው እህል በእነዚህ ጾሞች ዙሪያ ስለሚያልቅ ሽምብራውንና ባቄላውን በሁለት ከፍሎ ማስቀመጥ ይሻላል፦ እስከ ፋሲካ የሚበላው አንድ ዕቃ፣ ለሰኔ ጾምና ለፍልሰታ የሚቆየው ሌላ ዕቃ። ሁለተኛው እስከ ጊዜው አይነካም። ጓያን ግን የክረምት መጠባበቂያ አድርጎ መቁጠር አይገባም። በተከታታይ ወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ይሰብራል፣ የሰበረው እግር ደግሞ አይመለስም።

ድርቀት፦ የትኛውም ዕቃ የማያካክሰው

ከማሳ የመጣ በቆሎ ከ18 እስከ 25 በመቶ እርጥበት ሊይዝ ይችላል። ለማስቀመጥ ከ13 በመቶ መውረድ አለበት፤ ጥራጥሬ 12 ቢሆን ይመረጣል፤ ኑግና ሰሊጥ ዘይት ስላላቸው እስከ 8 ድረስ መውረድ አለባቸው። የእርጥበት መለኪያ በቤት የለም፤ በጥርስ መስበር ደግሞ ግምት ብቻ ነው። ጨው ግን ይሠራል። ጨውን በፀሐይ ወይም በምጣድ ደህና አድርጎ ማድረቅ፣ ንጹሕ ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ሲሶውን በእህል መሙላት፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው ጨምሮ መክደን፣ አንድ ደቂቃ መናጥ፣ ሩብ ሰዓት ማስቀመጥ። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተለጠፈ ከ15 በታች ነው ማለት እንጂ 13 ደርሷል ማለት አይደለም። አየር በማያስገባ ዕቃ የሚገባ ከሆነ ፈተናውን ካለፈ በኋላም አንድ ሙሉ የፀሐይ ቀን ይጨመርለታል።

ሲሰጣ ከሸራ ወይም ከተለቀለቀ አውድማ ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ በየሰዓቱ እያገላበጡ። ባዶ መሬት ላይ የተሰጣ እህል ከሥር እርጥበት ይስባል። የሞቀ እህል ከስጥ ወዲያው አይከተትም። ማታ ሸራ ተከናንቦ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ሳይነካው ይገባል፤ አለበለዚያ ሙቀቱ በዕቃው ውስጥ ላብ ሆኖ ክዳኑ ሥር ይንጠለጠላል፣ ላዩ ይሻግታል። የሻገተ በቆሎና የሻገተ በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል። ጉበት የሚጎዳው ይህ መርዝ በመቀቀልም ሆነ በመጋገር አይጠፋም፤ ታጥቦም አይለቅም። የሻገተውን ለከብትና ለዶሮ መስጠትም መርዙን ወደ ወተቱና ወደ እንስሳቱ ማዞር ነው።

ጎተራ

ደጅ ላይ በእግር የቆመ፣ ከቀርከሃ ወይም ከጭራሮ የተሠራ፣ በእበትና በጭቃ የተለቀለቀ፣ ክዳኑ ሣር። ለአዊ አካባቢ ቀርከሃው ቅርብ ስለሆነ ሥራው ርካሽ ነው። ጎተራ ብዙ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ አሥርና ሃያ ኩንታል ላለው ቤት ሌላ ዕቃ በዚህ ዋጋ አይገኝም። ከሁሉ የሚሻለው ለጤፍ፣ ለዳጉሳና ከነራሱ ለሚቀመጥ በቆሎ ነው።

ከነራሱ የሚቀመጥ በቆሎ የራሱ ጉዳይ አለው። ልባሱ እስከ ጫፉ ድረስ የሚሸፍነው የአገሬ በቆሎ ነቀዝን ይከላከላል። ብዙ ምርት የሚሰጡት ዲቃላዎች ግን ጫፋቸው ብዙ ጊዜ ክፍት ስለሆነ ነቀዙ ከማሳ ጀምሮ አብሮ ይመጣል። የአገሬው በቆሎ ከነልባሱ ነፋስ በሚያስገባ፣ ባልተለቀለቀ ጎተራ እየደረቀ ሊቆይ ይችላል። ዲቃላው ግን ከየካቲት በፊት ተፈልፍሎ ሌላ ዕቃ መግባት አለበት። ሲፈለፈል በጆንያ ከትቶ በዱላ መውቃት ፍሬውን ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀ ፍሬ ለነቀዝም ለሻጋታም በር ነው። ትንሽ ከሆነ በእጅ፣ ብዙ ከሆነ በመፈልፈያ ማሽን።

ጎተራ የሚበላሸው በእግሩ ነው። ወለሉ ከመሬት ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይበል፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ እንደ ተደፋ ገበቴ የሆነ የቆርቆሮ ቆብ ከወለሉ ሥር ይግባ። ቆቡ ተገብቶለት ጎተራው ከአጥር ወይም ከቤቱ ግድግዳ ተጠግቶ ከቆመ ድካሙ ከንቱ ነው፤ አይጧ ከግድግዳው ትዘላለች። ዙሪያውን አንድ ሜትር ነፃ ማድረግ፣ ዕቃና እንጨት አለማስደገፍ። የሣር ክዳኑ ደግሞ ሐምሌ ላይ ሲያፈስ አይጠገንም። የሚጠገነው ግንቦት ላይ ነው።

ጎታ

ጎታ በቤት ውስጥ የሚቆም የጭቃ ዕቃ ነው፤ ጭቃ፣ የጤፍ ጭድና እበት ተቦክቶ ቀለበት በቀለበት እየተደረበ፣ እያንዳንዱ ቀለበት እየደረቀ ይሠራል። ባለሙያዎቹ እናቶች ናቸው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ሌባ አያየውም፣ ዝናብ አይነካውም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ከታች ነው፤ በቀጥታ ወለል ላይ ከተቀመጠ ክረምት ላይ እርጥበት ይስብና ከሥር አንድ ቁና ያህሉ ተጋግሮ ይወጣል። በድንጋይ ወይም በርብራብ ላይ ቢቀመጥ ይድናል። ሁለተኛው ስንጥቁ ነው። ጭቃው ሲደርቅ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል፤ ያለፈው ዓመት ነቀዝ እዚያ ውስጥ ተደብቆ አዲሱን እህል ይጠብቃል። ጎታው ባዶ ሲሆን፣ ጥቅምት ላይ፣ ውስጡን በጭራሮ ፍቆ ማውጣት፣ ጥራጊውን ከቤት አርቆ ማቃጠል፣ ከዚያ ውስጡንም ውጪውንም በእበት ደግሞ መለቅለቅና ከሳምንት በላይ አፉን ከፍቶ ማድረቅ። አሮጌ እህል ከሥር እያለ አዲሱን ከላይ መጨመር ዘንድሮ የደከሙበትን ሁሉ ለነቀዝ መስጠት ነው።

ለጤፍ፣ ለዳጉሳ፣ ለገብስና ለስንዴ ደጋ ላይ ጎታ ይበቃል። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ እንደ ስናን ያሉት የጮቄ ሥር ወረዳዎች ከዚያም ይበልጣሉ። ብርዱ ነቀዙን ያዘገየዋል፤ ሙቀቱ 15 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን መራባቱን ከሞላ ጎደል ያቆማል። ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ ግን ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ አምስት ሳምንት ያህል ይበቃዋል። አንዲት እናት ነቀዝ በዕድሜዋ ከመቶ በላይ እንቁላል ስለምትጥል በአባይ ሸለቆ ውስጥ ላለ ቤት ጎታ ለማሽላና ለበቆሎ ከሦስት ወር በላይ አይሆንም።

ጆንያና ማዳበሪያ

ለማጓጓዝ የተሠሩ ናቸው፤ ለማስቀመጥ ደካማ ናቸው። ለጤፍ ይሆናሉ። ለበቆሎ እስከ የካቲት ለሚበላው ድርሻ ብቻ። ሁልጊዜ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብለው ይደርደሩ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ከረጢት ታጥቦም ቢሆን ለእህል አይሁን።

አየር የማያስገባ ከረጢት

በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ «ፒክስ» የሚባለው ሦስት ድርብ ነው፦ ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ ተራ ማዳበሪያ ከውጪ። 50 ኪሎና 100 ኪሎ የሚይዝ አለ። መድኃኒት የለበትም። እህሉና ነቀዙ ራሳቸው በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሰው ይጨርሱታል፤ ነቀዙ መብላት ያቆማል፣ ቀስ እያለ ይሞታል። ለበቆሎ፣ ለማሽላ፣ ለሽምብራና ለቆላ ስንዴ ከዚህ የሚሻል ርካሽ ዕቃ የለም።

የሚበላሸው በአስተሳሰሩ ነው፤ እዚህ ላይ ቸኮል ማለት አያዋጣም። መጀመሪያ እያንዳንዱን ላስቲክ በአየር ሞልቶ አፉን ጨብጦ መጭመቅ፤ የሚተነፍስ ቀዳዳ በፊት ወይም በከንፈር ይታወቃል። አንዱን ላስቲክ በሌላው ውስጥ አጥፎ ማስገባት፣ ከዚያ ሁለቱን ወደ ማዳበሪያው። እህሉ በሦስት ተራ ይሞላል፤ በየተራው ከረጢቱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ መነቅነቅና ማደላደል። አፉ ላይ አንድ ክንድ ያህል ባዶ መተው አለበት፤ ጢም ብሎ የሞላ ከረጢት በደንብ አይታሰርም። አየሩን በእጅ ገፍቶ ካስወጡ በኋላ የውስጠኛውን አፍ መጠምዘዝ፣ በገመድ ወይም በጎማ ማሰር፣ የተጠመዘዘውን ወደታች አጥፎ ደግሞ ማሰር። ሁለተኛው ላስቲክ ለብቻው እንዲሁ፣ ማዳበሪያው ለብቻው እንዲሁ። ሦስቱን በአንድ ገመድ ያሰረ ሰው ተራ ጆንያ አስሯል። ከዚያ ማንም የታሰረውን አንገት ይዞ አያንሳው፤ ከሥር ይታቀፋል።

ከከረጢቱ በኋላ ሁለት ስህተት ይሠራል። አንደኛው በየሳምንቱ መፍታት ነው። በተፈታ ቁጥር ኦክስጅን ይገባል፣ ያልሞተው ነቀዝ ይነቃል። ስለዚህ በየወሩ ከቀለቡ የሚወስድ ቤት ከአንድ ባለ 100 ይልቅ ሁለት ባለ 50 ይግዛ፤ በላዩ ላይ የሚፈታበትን ወር በከሰል ይጻፍበት። ሁለተኛው መዘግየት ነው። «ነቀዝ ሲታይ እናስራለን» ይባላል። ነቀዝ በዓይን ሲታይ እንቁላሉ ከገባ ወር አልፎታል። መጀመሪያ የሚታሰረው መጨረሻ የሚበላው ነው። ቡሬ አካባቢ 5 ኩንታል በቆሎ ያለው ቤት እስከ የካቲት የሚበላውን አንድ ኩንታል ከሩብ ያህል በጆንያ ትቶ የቀረውን በታህሳስ ወዲያው በሰባት ወይም በስምንት ባለ 50 ከረጢት ቢያስር ክረምቱን ያልፋል።

ከረጢቱ አይጥ አያግደውም። ከርብራብ በላይ፣ ከግድግዳ ርቆ፣ ድመት ባለበት ቤት። ጠርዝ ያለው የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ጠጠርና እሾህ ከእህሉ ይለቀም፤ ላስቲኩን ከውስጥ ይበሳሉ። ያልተበሳ ከረጢት ሁለትና ሦስት ዓመት ያገለግላል። ዋጋው ሲመዘን በብር ሳይሆን በእህል ይመዘን፦ አንዱ ከረጢት ስንት ኪሎ በቆሎ ያወጣል? ከዚያ ነቀዝ ከአንድ ኩንታል የሚወስደውን ያስቡ፤ መልሱ ይታያል።

የላሜራ ጎተራና በርሜል

የላሜራ ጎተራ ከ100 ኪሎ እስከ 3 ቶን የሚይዝ፣ በቆርቆሮ ባለሙያ የሚበየድ፣ በላይ ማስገቢያ በታች ማውጫ ያለው ዕቃ ነው። አይጥን ያቆማል፤ በደህና ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። ክዳኖቹ ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በተቆረጠ ቀበቶ ተጠብቀው ካልታሰሩ ግን ተራ ሣጥን ነው። በርቶ የገባ ሻማ «አየሩን ይጨርሳል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ሻማው የሚጠፋው ኦክስጅኑ ከ21 ወደ 16 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው፤ ነቀዝ በዚህ አይሞትም፣ የቀረውን ራሱ ተንፍሶ ይጨርሰዋል። ሻማው ሥራውን ያፋጥናል እንጂ አይተካም። ብረት ቀን ይሞቃል ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ፀሐይ የሚመታው ደጅ ላይ የቆመ ላሜራ ውስጡ ያልበዋል። ቤት ውስጥ ወይም ጥላ ሥር፣ በርብራብ ላይ። ከሁሉም ዕቃ ይበልጥ ደረቅ እህል የሚፈልገው ይህ ነው። ዋጋው ከባድ ስለሆነ ከአሥር ኩንታል በላይ በቆሎ ለሚያስቀምጥ ወይም ሁለት ወንድማማቾች ተጋርተው ለሚገዙት ነው።

200 ሊትር በርሜል አንድ ኩንታል ተኩል ሊሞላ የቀረበ በቆሎ ይይዛል። 20 ሊትር ጄሪካን ደግሞ ከ14 እስከ 15 ኪሎ። ለሽምብራ፣ ለአተርና ለዘር ጄሪካን ከሁሉ የሚመቸው ነው፤ አንዱ ሲከፈት ሌሎቹ አይነኩም። እስከ አፉ መሙላት፣ ከክዳኑ ሥር የላስቲክ ቁራጭ ማድረግ። ግማሽ የሆነ ጄሪካን ለነቀዝ ብዙ አየር ይተዋል።

ጉድጓድ ለጎጃም ዝናብ አይሆንም፤ እዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ዕቃ ሳይገዙ የሚደረግ

በቆሎን ወይም ሽምብራን ከጤፍ ጋር መቀላቀል የቆየ ዘዴ ነው፤ ይሠራል። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላና ነቀዙን መተላለፊያ ያሳጣዋል። ግን ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ መሞላት አለበት። በበቆሎ ክምር ውስጥ ከመጠኑ 40 በመቶ ያህሉ አየር ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ኩንታል በቆሎ ከ45 እስከ 50 ኪሎ ጤፍ ይፈልጋል። አንድ ቁና ጤፍ ነስንሶ «ቀላቅያለሁ» ማለት ልማድ እንጂ መከላከል አይደለም። ጤፍም በቆሎም ላለው ቤት ዕቃ ይቆጥባል፤ ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። የተነፋ አመድም እንደዚሁ ብዛት ይፈልጋል። የቅጠል ነገር ብቻውን አያስተማምንም።

ጥራጥሬን በተመለከተ የሽምብራ ነቀዝ እንቁላሉን ከፍሬው ልጣጭ ላይ ይለጥፋል፤ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ቆልቶ ክክ ማድረግ እንቁላሉንም ማረፊያውንም ያጠፋል። የሰኔውን ድርሻ አስቀድሞ ክክ አድርጎ በጄሪካን ማስቀመጥ ከሙሉ ፍሬ ይሻላል። የአተር ነቀዝ ግን ሌላ ነው። ከማሳ በፍሬው ውስጥ ገብቶ ይመጣል፣ በጎተራ አይራባም፤ ስለዚህ አተር ከታጨደና ከተወቃ በኋላ ወዲያው ታሽጎ ጉዳቱ በቶሎ ሊቆም ይገባል።

መድኃኒቱን ስለሚጠይቁ

በገበያ «የነቀዝ ክኒን» ተብሎ የሚሸጠው ፎስቶክሲን ሰው ከሚተኛበት ቤት ጋር አይገናኝም። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ለዚህ ጋዝ ማርከሻ የለም። በጆንያ ላይ የተደረገ ክኒን ጋዙን ለቤተሰቡ ያካፍላል፤ ነቀዙ ግን እንቁላሉ ተርፎ ይመለሳል። ዲዲቲን በጥራጥሬ ላይ መነስነስ ከዚህ አይሻልም። አየር በማያስገባ ዕቃ የታሰረ እህል ሁለቱንም አይፈልግም፤ የዕቃው ዋጋ ሲታሰብ የክኒኑ ዋጋ ይቀነስለት።

ድንችና በርበሬ

ድንች በሁለት ይከፈላል። የሚበላው ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ነፋስ በሚያገኝ ርብራብ ላይ። የሚተከለው ብርሃን በሚገባበት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው መደርደሪያ ላይ፣ በሁለት ወይም በሦስት ድርብ ብቻ። ብርሃን አረንጓዴ ያደረገው ድንች አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ስለሚያወጣ ለዘር ይመረጣል፤ ለምግብ ግን መራራና መርዛም ነው። ሁለቱን ባንድ ቦታ ማስቀመጥ አንዱን ማበላሸት ነው።

የቡሬና የወንበርማ በርበሬ ሲጨበጥ መሰበር እስኪጀምር ድረስ ይድረቅ። እንዳይሰበር ወይም ክብደቱ እንዲጨምር ውሃ የተረጨበት በርበሬ ከውስጥ ይሻግታል፤ ከገበያ ሲገዙ አንዱን ከፍቶ ፍሬውን ማየት ነው። ግራጫ ዱቄት ካለበት አይገዛም።

ዱቄት ሳይሆን እህል ይቀመጥ። ዱቄት ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይመርራል፣ ነፍሳትም ይገቡበታል። ለበሶና ለሽሮም ቢሆን የአንድ ወር ድርሻ ይፈጫል።

በወር አንድ ጊዜ ከየዕቃው ሳይፈታ የሚታየው ይታያል። የአይጥ ፋንድያ ከርብራቡ ሥር ካለ፣ ከጆንያ ሥር ዱቄት ከተራገፈ፣ ከጎታው የሻጋታ ሽታ ከወጣ ያ ዕቃ ቀድሞ ይፈታል፣ ቀድሞ ይበላል። የታሰረ ከረጢት ላይ ጆሮ ደግኖ የሚቧጥር ድምፅ ከተሰማ አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ። በዚያን ጊዜ እህሉ በሸራ ላይ ይሰጣል፣ ይነፋል፣ ቀዳዳው ይፈለጋል። የተበሳው ላስቲክ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት የጤፍ ጆንያ ሽፋን ይሆናል።